ለጀማሪ ልጅ የመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የትኛው ይሁን?

በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት አርሶ አደርም ሆነ በወረታ ከተማ በንግድ የሚተዳደር ወላጅ፣ ልጁ «ኮዲንግ መማር እፈልጋለሁ» ሲለው በቅድሚያ የሚያሳስበው ወጪው ነው። ላፕቶፕ ይገዛ? የሥልጠና ክፍያ ይከፈል? ከቋንቋዎቹስ የትኛው ይቅደም? ምርጫው በችኮላ ከተደረገ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከአቅሙ በላይ በሆነ ቋንቋ የጀመረ ልጅ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ሙያውን ሳያውቀው ሊተወው ይችላል።

የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰው ለኮምፒውተር የሚሠራውን ነገር በቅደም ተከተል የሚያዝበት መግባቢያ ነው። ቋንቋዎቹ በርካታ ቢሆኑም መሠረታዊ ሐሳባቸው ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥርን በስም መያዝ፣ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» ብሎ ማዘዝ፣ አንድን ሥራ ደጋግሞ ማሠራት። አንዱን በሚገባ የተማረ ልጅ ወደ ሌላው ለመሸጋገር ብዙ አይቸገርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቋንቋ መመረጥ ያለበት ከዕድሜው፣ በእጁ ካለው መሣሪያና መሥራት ከሚፈልገው ነገር አንጻር ነው።

ከ8 ዓመት ጀምሮ፦ ስክራች

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ያደረገው ስክራች በተለይ ከ8 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ ልጆች የተዘጋጀ ነው። ልጁ ትእዛዝ አይጽፍም፤ በቀለም የተለዩ የትእዛዝ ብሎኮችን እየጎተተ በመገጣጠም ተረት፣ ጨዋታና ተንቀሳቃሽ ሥዕል ይሠራል። ከማሳያ ቋንቋዎቹ መካከል አማርኛም ስለሚገኝ እንግሊዝኛ ገና ላልጠነከረ ተማሪ ይመቻል። በነፃ የሚገኝ ሲሆን አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ውስንነቱ ለአነስተኛ የእጅ ስልክ አለመመቸቱ ነው፤ ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ይፈልጋል።

ከ12 ዓመት ገደማ በላይ፦ ፓይተን

ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮስም እ.ኤ.አ. በ1991 ያስተዋወቀው ፓይተን ትእዛዞቹ አጭር፣ አጻጻፉም ግልጽ በመሆኑ ለጀማሪዎች በብዙ አገሮች ይመረጣል። በመረጃ ትንተናና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዎችም በስፋት ስለሚያገለግል ልጁ ሲያድግ የሚጥለው ቋንቋ አይደለም።

ፓይተን ለነገሮች የሚሰጠውን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍም ይፈቅዳል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ወፍጮ ቤት ገብቶ 62 ኪሎ ግራም ንጹሕ ሩዝ ቢወጣው፣ ልጁ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይችላል፦

ጥሬ = 100
ንጹሕ = 62
ውጤት = ንጹሕ / ጥሬ * 100

ውጤቱን በማሳያው ላይ ለማውጣት የሚያገለግለው ትእዛዝ ግን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ልጁ ይህን ስሌት በሌላ ወፍጮ ቤት ከተገኘው 65 ኪሎ ግራም ጋር እንዲያነጻጽር ቢደረግ፣ በኩንታል የ3 ኪሎ ግራም፣ በ20 ኩንታል ደግሞ የ60 ኪሎ ግራም ልዩነት መኖሩን ያያል። እንዲህ ያለው ልምምድ ትምህርቱን ከቤተሰቡ ኑሮ ጋር ያገናኘዋል፤ አባትም ልጁ ምን እየተማረ እንደሆነ በዓይኑ ያያል።

ለአንድሮይድ ስልክ የተዘጋጁ ነፃ የፓይተን መለማመጃዎች አሉ። ፓይድሮይድ 3 የተባለው ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒውተር በሌለበት ቤት፣ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ድረ ገጽ መሥራት ለሚፈልግ፦ ጃቫስክሪፕት

ብሬንደን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው ጃቫስክሪፕት በማንኛውም የኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ ይሠራል፤ ተማሪው የጻፈውን ወዲያውኑ በገጹ ላይ ያየዋል። ሆኖም ከጎኑ የገጽ መዋቅርና ማስዋቢያ ቋንቋዎችን መማር ስለሚጠይቅ ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጡት ሲ ፕላስ ፕላስና ጃቫም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ለአንዲት ቀላል ውጤት ብዙ ሥርዓተ ጽሑፍ ስለሚጠይቁ ለልጅ የመጀመሪያ ቢሆኑ ተስፋ ሊያስቆርጡ ይችላሉ።

ከመክፈል በፊት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊያንን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን፣ የመረጃ ትንተናንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በበይነ መረብ በነፃ ለማስተማርና ላጠናቀቁ የምስክር ወረቀት ለመስጠት የተቀረጸ ነው። ትምህርቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ ስለሚጠይቅ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወጣቶች ይበልጥ ይስማማል። የምስክር ወረቀት ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ ልጁ በራሱ የሠራው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ችሎታውን ይበልጥ ያሳያል።

ጅማሬ ውድ መሣሪያ እንደማይጠይቅ የቤተልሔም ደሴ ታሪክ ያስረዳል። በሐረር በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገና በልጅነቷ ለደንበኞች ቪዲዮ እያቀናበረችና ስልክ ላይ ሙዚቃ እየጫነች የጀመረች ሲሆን፣ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው አይኮግ ለልጆች ኮዲንግ የሚያስተምር ፕሮግራም መርታለች። የጀመረችው በአጠገቧ በነበረው ዕቃና በሰፈሯ ሰው ፍላጎት ነው።

ስለሆነም ወላጆች ላፕቶፕ ለመግዛት ምርት ከመሸጣቸው በፊት ልጁን በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ወይም በቤት ውስጥ ስልክ ለአንድ ወር ቢያስሞክሩት ይመከራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በቂ ነው። ለሴት ልጅም ከቤት ሥራ ተርፎ የራሷ የሆነ ሰዓት ይመደብላት። ወሩ ሲያልቅ ልጁ ማንም ሳያዘው የሠራውን ነገር ሊያሳይ ከመጣ፣ ቋንቋው ተስማምቶታል፤ ወጪውን ማሰብ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ካልመጣ ደግሞ ልጁ ሰነፍ ነው ከማለት በፊት ሌላ ቋንቋ ይሞከርለት።