ውሻ በአዋጅ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ተረት አይደለምና «የላም በረት» ብላችሁ አትቀበሉኝ፤ የሆነ ነገር ነው። የሆነውም ኒው ሃምፕሻየር በምትባል፣ ክረምቷ በጠና የአሜሪካ ግዛት ነው። ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው።

ዎናላንሴት በምትባል መንደር አርተር ዎልደን የሚሉት ሰው ይኖር ነበር። በጎልማሳነቱ፣ ዩኮን በተባለው የሰሜን ምድር ወርቅ ተገኘ ሲባል ከሄዱት አንዱ ነው። እዚያ በረዶ ላይ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ ዕቃ እያመላለሰ ኖረ፤ ሲመለስም የውሻ ፍቅር ይዞ ተመለሰ። በ1917 ጥር ላይ በግቢው ሦስት ቡችሎች ተወለዱ። እናቲቱ የሰሜን ዋልታው ተጓዥ የሮበርት ፒሪ መሪ ውሻ ዘር ናት፤ የዘር ሐረጓ የሚቆጠር። አባትየው ግን ማስቲፍ የሚመስል ድብልቅ ነው። ይችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንፈልጋታለን። ከሦስቱ አንዱ የማር ቀለም ነበረው። ዎልደን በዩኮን ዘመኑ በነበረው ውሻ ስም ቺኑክ አለው።

ቺኑክ አደገ፣ ገዘፈ፣ ከጋሪው ፊት መሪ ሆነ። በ1922 በርሊን በምትባለው የዚያው ግዛት ከተማ በተደረገው ታላቅ ውድድር ዎልደን ከነቺኑክ አሸነፈ። በ1926 ደግሞ ነፋሱ ሰው በሚጥልበት የዋሽንግተን ተራራ ጫፍ ላይ በውሻ ጋሪ ወጣ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ከቺኑክ የተወለዱት ቡችሎች ናቸው፤ መልካቸውም ጠባያቸውም አባታቸውን ይመስላል። እንዲህ ሆኖ ከአንድ ውሻ አንድ ዝርያ ተነሣ፤ ስሙም ቺኑክ ተባለ።

በ1928 ሪቻርድ በርድ የተባለው አሳሽ ወደ አንታርክቲካ ሲዘምት የውሾቹን ክፍል ለዎልደን ሰጠው። ዎልደን ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ቺኑክም አርጅቷል። ቢሆንም ሸክሙ ሲከብድና ወጣቶቹ ውሾች ሲለግሙ የሚጠራው ሽማግሌው ነበር። ከዚያ፣ በጥር 17 ቀን 1929፣ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ በረዶው ሄደ። ፈለጉት፤ አልተገኘም። ዎልደን፣ ውሻው ሲሞት ከነመጎተቻ ጠፍሩ ሊቀብረው ያስብ ነበር፤ ያም ቀረ። በኋላ የአገሩ ሰው መንገዱን በስምህ እንጥራው ቢለው በውሻው ስም ጥሩት አለ ይባላል፤ መንገዱ ዛሬም «የቺኑክ መንገድ» ነው። እሱ ራሱ በ1947 ቤቱ ሲቃጠል ሚስቱን አውጥቶ ሞተ።

ዝርያው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ሜይን ግዛት ውስጥ ፔሪ ግሪን የሚባል ሰው ዘንድ ገባ። ግሪን ወዳጅ ነበር፤ ግን የሚሰስት ወዳጅ። ሴት ውሻ ከሸጠ እንዳትወልድ አምክኖ ነው፤ ዘሩ ከደጄ አይውጣ ብሎ። በ1963 እሱ ሲሞት የሚያራባ ሌላ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዚያው አሥር ዓመት የጊነስ መዝገብ ቺኑክን በዓለም ላይ ከውሻ ሁሉ ብርቅዬው ሲል ጻፈው። በ1981 መውለድ የሚችሉት 11 ብቻ ቀሩ። ልብ አድርጉ፦ ቺኑክን በሽታ አልጨረሰው፣ ጥላቻም አልነካው። ጥቂት ሰዎች በሜይን፣ በኦሃዮና በካሊፎርኒያ እነዚያኑ ተካፍለው ማራባት ባይጀምሩ ኖሮ ይህን ወሬ የማወራው ስለ ሙት ነበር።

አሁን አዋጁ ጋ ደረስን። ቤድፎርድ በምትባል ከተማ ያሉ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ተነሡ። ግዛታችን አበባ አላት፣ ወፍ አላት፣ ጥንዚዛ እንኳ አላት፤ ውሻ ለምን አይኖራትም? ከኖራትም በምድራችን የተፈጠረው ቺኑክ ይሁን አሉ። የግዛቷ የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት አሉት። 400 ሰው በአንድ ውሻ ማስማማት ቀልድ አይደለም! ልጆቹ ግን አስማሙ፤ በ2009 አገረ ገዥው ጆን ሊንች ፈረሙበት።

ይህ የልጆች ነገር ሁልጊዜ እንዲህ አያምርም። በ2015 የአራተኛ ክፍል ልጆች ቀይ ጅራት ያለው ጭልፊት ይሾምልን ብለው እዚያው ምክር ቤት ቢቀርቡ፣ ልጆቹ ሰገነት ላይ ተቀምጠው እያዩ አባላቱ አላገጡባቸው፤ ረቂቁንም ጣሉት። ጭልፊቱ የተሾመው በ2019 ነው። በፔንሲልቬንያ ደግሞ በ1965 ግሬት ዴን የተባለው ግዙፍ ውሻ ሲመረጥ፣ የምክር ቤቱ አባላት ድጋፋቸውን የሰጡት በመጮኽ ነው ይባላል፤ እንደ ውሻ ማለቴ ነው። እኔ ካላጋጩ ምክር ቤት የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

አዋጁ ለቺኑክ ምን ሰጠው? በጀት የለውም፣ ጠባቂ የለውም፤ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር ነው። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እንኳ ቺኑክን ሙሉ በሙሉ የተቀበለው በ2013 ነው፤ ግዛቲቱ ቀድማዋለች። ነገር ግን ከ11 ውሾች የተረፈ ዘር ደሙ ይቀራረባል፤ የተቀራረበ ደም ደግሞ በሽታ ይወልዳል። ስለዚህ አርቢዎቹ ሌላው መዝጋቢ ዩናይትድ ኬኔል ክለብ በሚያውቀው ሥርዓት ሌላ ዝርያ ይቀላቅሉበታል፤ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የተወለደው ቡችላ መልኩና ጠባዩ ከመለኪያው ከገጠመ ቺኑክ ተብሎ ይመዘገባል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ታስፈልጋለች። ንጹሕ ዘር አይደለም ብሎ የሚያጉረመርም ሰው ሲገጥማችሁ፣ የመጀመሪያው ቺኑክ አባት ማን እንደነበር ጠይቁልኝ።