በዓባይና በበሽሎ መካከል ስለ ባርነት የነበረው አስተያየት

ስለ ባርነት የሚጽፉ ሰዎች አንዱን አገር ባሪያ አሳዳሪ፥ ሌላውን ነጻ አውጪ አድርገው መለየት ይወዳሉ። እኛ ግን ነገሩን ከአጅባር ደጋ ሆነን ስንመረምረው፥ የየአገሩ አስተያየት የተለያየው በደግነቱ ልክ ሳይሆን፥ ከባሪያው ጉልበትና ከባሪያው ንግድ ባገኘው ጥቅም ልክ ሆኖ ይታየናል።

አጅባር ያለችበት የአማራ ሳይንትና ከደቡቧ ያለው ቦረና በዓባይና በበሽሎ መካከል የሚገኙ የአራሽ አገሮች ናቸው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከከፋና ከጊቤ መንግሥታት የሚነዳው ባሪያ ከፊሉ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ወደ ጎንደር፥ ከዚያም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይሄድ ነበር። ከፊሉም በሸዋ በኩል ወደ ታጁራ ይወርድ ነበር። በነዚህ መንገዶች ላይ የተቀመጠው ገዥ ቀረጥ ይቀበላል፤ ቀረጥ የሚቀበል ሰው ደግሞ ንግዱን አይጠላም። በሰሜኑ ደጋ ግን እርሻው በባለርስቱ ገበሬ እጅ ስለ ነበር፥ ባሪያ የሚገኘው በመኳንንቱና በባለጸጋው ቤት ነው፤ ውሃ ይቀዳል፥ እንጨት ይሰብራል፥ ሴቲቱም ትፈጫለች። እንደ ጅማ ባለው አገር ግን ባሪያው መሬቱንም ያለማ ነበርና ነጻ ማውጣቱ ለጌታው እጅግ ይከብደው ነበር።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ በጦርነት የተማረከውን ባሪያ ማድረግን ይፈቅዳል። የእስልምናም ሕግ ነጻውን ሙስሊም ባሪያ ማድረግን ይከለክላል፤ ባሪያን ነጻ ማውጣትንም እንደ ጽድቅ ይቆጥራል። ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በወሎ፥ ሁለቱም ሕጎች የሃይማኖታቸውን ልጅ ሲጠብቁ ከሩቅ ተማርኮ የመጣውን አሳልፈው ሰጡት። ሕሊናን ያስተኛው ይህ ይመስለናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያን ንግድ ከለከሉ፤ ዐፄ ዮሐንስም በ1876 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋራ ንግዱን ለማስቀረት ተዋዋሉ። ዐፄ ምኒልክም እንዲሁ ከልክለው ሳለ፥ በ1887 ዓ.ም. ከወላይታ ዘመቻ እጅግ ብዙ ምርኮኛ መጣ። ክልከላው ነጋዴውን እንጂ አሳዳሪውን አልነካም ነበር።

በአሜሪካም ከዚህ የራቀ አልሆነም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 ፔንሲልቫኒያ፥ በ1784 ሮድ አይላንድ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ አወጡ፤ ነገር ግን የሮድ አይላንድ መርከቦች ከአፍሪካ ባሪያ መጫናቸውን አልተዉም። በ1793 የጥጥ መፈልቀቂያ መኪና ከተሠራ ወዲህ ደግሞ የደቡቡ ባለ እርሻ ባሪያውን ይበልጥ አጥብቆ ያዘ፤ እስኪለቅም ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ።

ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። በ1923 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ተከተለ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ዐዋጅ ነው።

ዐዋጁ የሽማግሌዎችን ጥያቄ አልሻረም። ለጋብቻ ሲታጭ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ትውልድ ዝምድናን ለመለየት ብቻ አልነበረም፤ የቀድሞ ባሪያ የልጅ ልጅም በዚያው ቆጠራ እየተለየ ጋብቻ ይከለከል ነበር። ዛሬ ሥነ ምግባሩ ላማረ ሰው ሁሉ የምንሰጠው «ጨዋ» የሚለው ስም እንኳ፥ በዚያ ቆጠራ ጊዜ ባሪያ ያልነካው ዘር ማለት ነበር።