ዩኒቨርሲቲ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ

ከቂርያት ጋት ነው የማናግራችሁ። ዛሬ የነገሥታት ታሪክ የለም፤ የመምህራን ታሪክ ነው የማወራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ።

በመጀመሪያ ዶክተር አክሊሉ ሀብቴን ላስተዋውቃችሁ። አሜሪካ ተምረው ተመለሱና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ሆኑ፤ ከ1969 እስከ 1974 ደግሞ ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት መሩ። ያን ጊዜ ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ አስተማሪ ግን የለም። ክፍሎቹን የያዙት ህንዶችና ከ1962 ጀምሮ የመጡት አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች ነበሩ።

ዩኒቨርሲቲው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አንደኛ፣ በራሱ ሥር የበዕደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤትን ከፈተ፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዝ ልጆችን እየመረጠ ወደ መምህርነት ለመሳብ። ትልቁ ነገር ግን በ1964 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ሄዶ ማገልገል ነበረበት፣ አብዛኛው ደግሞ በአስተማሪነት ነው የተመደበው። ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ ማለት አይደለም፤ ግዴታ ግዴታ ነው። የሄደው ግን የገበሬውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። “መሬት ላራሹ” የሚለው የተማሪዎች ጩኸት ከዚህ ጉዞ ብዙ ጉልበት አግኝቷል ብዬ አምናለሁ። መንግሥት የላካቸው ልጆች መንግሥትን ሊጠይቁ ተመለሱ! በ1974 አብዮት መጣ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፣ ተማሪው በጅምላ ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወጣ።

በዚያው በ1974 ደግሞ እዚህ ሬኾቮት፣ በዋይዝማን ተቋም፣ ፔራኽ ተጀመረ። ፔራኽን ታውቁታላችሁ፤ ተማሪው በሳምንት አራት ሰዓት ለአንድ ልጅ ጊዜውን ይሰጣል፣ በምትኩ ሚልጋ ያገኛል። ከኢትዮጵያው ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ይገርመኛል፦ እዚያ አንድ ሰው ተልኮ ሙሉ ክፍል ይይዛል፣ እዚህ አንድ ለአንድ ነው። እዚያ ትምህርት ቤቱ ያለ ሰውየው ይዘጋል፣ እዚህ ልጁ ነው “እርዳታ ያስፈልገዋል” የሚባለው።

የኔ ነገር እዚህ ጋ ነው። እኔም በፔራኽ አስጠናለሁ። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በር ላይ ያለችው ሴትዮ ፈገግ ብላ “የምታስጠናሽ ገና አልመጣችም፣ ተቀመጪ” አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እኛን ስታይ የምታስበው ተረጂ ነው፣ በቃ።

እስቲ ወደ 1955 እንመለስ፣ ይቺ ቂርያት ጋት ወደተቆረቆረችበት ዓመት። በዚያው ዓመት ከቤተ እስራኤል 12 ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ ክፋር ባትያ መጡ፤ በ1956 ደግሞ 15 ተጨመሩ። የመጡት እዚህ ለመቅረት አልነበረም፤ ዕብራይስጥ ተምረው፣ ተመልሰው በጎንደር መንደሮች አስተማሪ እንዲሆኑ ነው። ከነሱ ብዙዎቹ ተመልሰው አስተማሩ። ገንዘቡ ሲቀንስ ትምህርት ቤቶቹ አብዛኞቹ ተዘጉ፣ ይሄ ያሳዝናል። ሆኖም በኋላ ለዓሊያ ከደከሙት ሰዎች መካከል ከነዚህ ልጆች የወጡ አሉ። እንግዲህ እኛ ገና ሳንወለድ፣ ፔራኽም ሳይፈጠር፣ ለማስተማር የተላኩ የኛ ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

ብዙዎቹ ወላጆቻችን ሁለተኛ ደረጃ አልደረሱም፣ እናውቃለን። ፊደል የቆጠሩት ግን ከአንድ ሰው ነው። ቅዳሜ ማታ ቡና ሲፈላ “አባባ፣ ያስተማረህ ማን ነበር? ከየት መጣ?” በሏቸው። በስልካችሁ ቅዱና ላኩልን፤ በሚቀጥለው ክፍል እናሰማለን።