ወደ ጠፈር የምታወጣ በር

ስሙኝማ፣ የሦስት ቤቶችን ነገር ላውጋችሁ። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ቤቶቹም ያሉት ከወዲያ፣ በረዶው ከሚጸናበት ከሩሲያ ምድር ነውና።

ከሞስኮ ወደ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ፣ ኦካ ከሚባለው ወንዝ ዳር፣ ካሉጋ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ትልቅ የጠፈር ሙዚየም ታገኛላችሁ። ግቢው ውስጥ የቆመውን የቮስቶክ ሮኬት ለማየት አንገታችሁን ወደ ኋላ መጣል ይኖርባችኋል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ ሮኬቱን ለኋላ አቆዩትና አስቀድማችሁ ቁልቁል ወደ ወንዙ ውረዱ። መንገዱ መጨረሻ ላይ ከእንጨት የተሠራ ትንሽ ቤት አለ።

ቤቱን በ1904 የገዙት ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሚባሉ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ናቸው። ጺዮልኮቭስኪ ጆሯቸው አይሰማም ነበር። በ1857 ተወልደው አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከባድ ትኩሳት ያዛቸው፤ ሲድኑ መስማት ከሞላ ጎደል ጠፋ። መምህሩ የሚናገረውን የማይሰማ ልጅ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል? እናታቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። አባታቸው ግን በ16 ዓመታቸው ወደ ሞስኮ ሰደዷቸው፤ እዚያም ሦስት ዓመት ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጠው በገዛ ዓይናቸው ተማሩ። ከቤት የሚላክላቸውን ጥቂት ገንዘብ ለመጽሐፍና ለመሞከሪያ ኬሚካል ያውሉትና ራሳቸው ጥቁር ዳቦ በውኃ እየበሉ ያድሩ ነበር። ከዚያ ፈተና ወስደው መምህር ሆኑ፤ ቫርቫራ የምትባል ሴት አግብተው ሰባት ልጆች ወለዱ።

አሁን ወደ ቤቱ ግቡ። በ1908 ኦካ ሞልቶ ይህን ቤት አጥለቀለቀው። ውኃው ሲጎድል መምህሩ ቤቱን ሲያስጠግኑ ላዩ ላይ ሰገነት አስጨመሩበት፤ አንዱ ክፍል ማንበቢያና መጻፊያ፣ ሌላው መሥሪያ ሆነ። የሚወጣው በቀጥ ያለ ጠባብ መሰላል ነው። መሥሪያው ውስጥ ቶርኖው አለ፤ የቆርቆሮ መቁረጫውና መቀጥቀጫው አለ፤ በጋዝ የሚንሳፈፍ የብረት አየር መርከብ ይሠራል ብለው ያዘጋጇቸው ሞዴሎች አሉ። ብስክሌታቸውም አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን እዩልኝ የምላችሁ የጆሮ ቀንዶቹን ነው። ከቆርቆሮ በገዛ እጃቸው የሠሯቸው ረጃጅም መለከት መሰል ማዳመጫዎች ናቸው፤ ቀጭኑን ጫፍ ከጆሯቸው ያስጠጉና ሰፊውን ወደ እንግዳው አፍ ያዞሩታል። ሰው ሊያነጋግራቸው የመጣ ሁሉ በዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የሚጮኸው።

ከመሥሪያው ክፍል ወደ ጣራው የምታወጣ አንዲት በር አለች። ማታ ማታ በእሷ እየወጡ ሰማይ ያዩ ነበር። ዛሬ ይህችን በር «ወደ ጠፈር መውጫ» ይሏታል።

እኚህ ሰው ምን ሠሩ ትሉኝ ይሆናል። አንዲት ሮኬት ወደ ሰማይ አላስወነጨፉም። የሠሩት ስሌቱን ነው። ይህን ቤት ከመግዛታቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1903፣ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ፤ ራይት ወንድማማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ በሞተር አውሮፕላን በበረሩበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ሮኬት የሚደርስበት ፍጥነት በሁለት ነገር ይወሰናል አሉ፦ ከኋላዋ በሚወጣው ጋዝ ፍጥነት፣ ደግሞም ነዳጅ የሞላች ሮኬት ነዳጇን ከጨረሰችው ስንት እጥፍ ትከብዳለች በሚለው። ለነዳጅ ባሩዱን ትተው ፈሳሽ ሃይድሮጅንና ፈሳሽ ኦክሲጅን መረጡ። በ1929 ደግሞ፣ በዚሁ ሰገነት ላይ ሳሉ፣ አንዷ ነዳጇን ስትጨርስ የምትጣልበትንና ሌላዋ የምትቀጥልበትን «የሮኬት ባቡር» ጽፈው አሳተሙ። ዛሬ ከምድር የሚነሣ የጠፈር ሮኬት ሁሉ ይህንኑ ስሌት ይዞ ነው የሚነሣው።

ይህን ሁሉ ያሰቡት ግን በሰላም ተቀምጠው እንዳይመስላችሁ። ትልቁ ወንድ ልጃቸው ኢግናቲ በ1902 ራሱን አጠፋ። ከሰባቱ ልጆቻቸው አምስቱን ቀብረዋል። በ1919 ደግሞ የምሥጢር ፖሊሶች መጥተው ወደ ሞስኮ፣ ወደ ሉቢያንካ እስር ቤት ወሰዷቸው፤ በሐሰት ጥርጣሬ ሳምንታት ታስረው ተለቀቁ። ተመልሰው የወጡት ያንኑ መሰላል ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ስሌቱ ሳይሆን ይሄ ነው፤ ያን ሁሉ ሐዘን ታችኛው ክፍል አስቀምጦ ላይ ወጥቶ ስለ ከዋክብት መጻፍ።

በሴፕቴምበር 19 ቀን 1935 አረፉ። ልክ በዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት፣ ቤቱ ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ።

እንግዲህ አሁን ጆሮ ስጡኝ። ወደ 1941 እንሂድ፤ ወደ ኦክቶበር ወር።

በዚያ ወር የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ ሲገሠግሥ ካሉጋን ያዘ። ወታደሮች የመምህሩ ቤት ውስጥ ሰፈሩ፤ ብርድ ነበርና የቤቱን ዕቃ እያነደዱ ሞቁበት። በዚያው ወር ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በስሞሌንስክ አውራጃ፣ ክሉሺኖ የምትባል የገበሬ መንደርም ተያዘች። እዚያ አሌክሲ የሚባል አናጺና አና ቲሞፌየቭና የምትባል ላም አላቢ ሚስቱ ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ወታደሮቹ አናጺው በእጁ ከሠራው ቤት አስወጧቸው። አናጺውም ከቤቱ ኋላ መሬቱን ቆፍሮ፣ ላዩን በእንጨትና በአፈር ከድኖ፣ ቤተሰቡን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አስገባ። ከልጆቹ ሦስተኛው የሰባት ዓመቱ ዩሪ ነው። ዩሪ ጋጋሪን።

በዚያው ወር፣ ከሁለቱም ርቆ በሳይቤሪያዋ ኦምስክ ከተማ፣ አንድ እስረኛ መሐንዲስ የጦር አውሮፕላን ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር። ሰርጌይ ኮሮሌቭ ይባላል።

ሦስቱ ሕይወቶች በዚያ ብርድ አይተዋወቁም። አንደኛው ሞቷል፤ ቤቱ እየተዘረፈ ነው። ሁለተኛው እስረኛ ነው። ሦስተኛው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሕፃን ነው። ጠፈር የተባለው ነገር ያን ጊዜ የነበረበት ቦታ ይህ ነው።

ክሉሺኖ ዛሬም ቤቱ አለ፤ የመጀመሪያው ግን አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ አናጺው ቤቱን ግንድ በግንድ ፈትቶ ወደ ግዣትስክ ከተማ ወስዶ እዚያ ተከለው። መንደሩ ውስጥ ያለው ኋላ በቦታው ላይ እንደገና የተሠራ ነው፤ አጠገቡም ጉድጓዱ እንደነበረ ተሠርቷል። እዚያ ውረዱ። ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት። እዚያ ውስጥ ክረምቱን ያሳለፈች እናት ምን እንዳየች አስቡ። አንድ ቀን አንድ ወታደር የአምስት ዓመቱን ትንሹን ልጇን ቦሪስን በገዛ ሻርፑ ከፖም ዛፍ ላይ ሰቀለው፤ እሷ ደርሳ አውርዳ አዳነችው። በ1943 ደግሞ ጦሩ ሲያፈገፍግ ትልልቆቹን፣ ቫለንቲንንና ዞያን፣ ነድቶ ወሰዳቸው። ሞተዋል ተብሎ ተለቀሰ። ሁለቱም አምልጠው ኖሮ ጦርነቱ ሲያበቃ በሕይወት ተመለሱ።

ከዚያ ጉድጓድ የወጣው ልጅ በኤፕሪል 12 ቀን 1961 ምድርን በ108 ደቂቃ ዞሮ ተመለሰ። በሬዲዮ ስሙ ሲጠራ ዓለም ሁሉ ሰማ።

የላከው ሰው ስም ግን አልተጠራም። ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ቤት ላድርሳችሁ።

በሞስኮ ሰሜን፣ ኦስታንኪኖ ሰፈር፣ በዛፎች መካከል ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለ። ከጎኑ ባለው ሰፈር የጠፈር ድል መታሰቢያ ሐውልት 107 ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቶ በቲታኒየም ያብረቀርቃል። ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት ብዙ የአገራችን ልጆች መካከል በዚያ ሐውልት ሥር ፎቶ ያልተነሣ ጥቂት ይመስለኛል። ቤቱን ግን ስንቱ አይቶት ይሆን? መንግሥት በ1959 ለኮሮሌቭ የሰጣቸው ነው። የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን በኦክቶበር 4 ቀን 1957 ያመጠቁ እሳቸው ናቸውና። ከዚያ 17 ቀን ቀደም ብሎ ሞስኮ ላይ ስለዚያ መስማት የተሳናቸው የካሉጋ መምህር መቶኛ የልደት ዓመት ንግግር ያደረጉትም እሳቸው ናቸው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሕዝብ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ምን እንደሚመጣ አላወቀም።

ጋዜጦች «ዋናው ንድፍ አውጪ» ብቻ ይሏቸው ነበር። ፕራቭዳ በሚባለው ጋዜጣ ላይ ሲጽፉ እንኳ «ፕሮፌሰር ኬ. ሰርጌየቭ» በሚል የብዕር ስም ነው። ሌላው ዓለም ጋጋሪንን በአበባ ሲቀበል የእሳቸው ስም ተሰውሮ ነበር።

የእስራቸው ነገር እንዲህ ነው። በጁን 1938 ተያዙ፤ በምርመራ ተደበደቡ፤ አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። ኮሊማ ወደሚባለው የወርቅ ማዕድን ተላኩ፤ እዚያም ድድን የሚያደማው በሽታ ይዟቸው ጥርሳቸው ረገፈ። እናታቸው ማሪያ ኒኮላየቭና ደጅ ጠኑ። ከአንዱ ባለሥልጣን ወደ ሌላው ማመልከቻ ጻፉ፤ እነ ግሮሞቭና ግሪዞዱቦቫ የሚባሉ ስመ ጥር አብራሪዎችም ስለ ልጃቸው እንዲማልዱ አደረጉ። ኮሮሌቭ ከማዕድኑ ተመልሰው እስረኛ መሐንዲሶች ወደሚሠሩበት ቢሮ ገቡ። እናት ደጅ ባይጠኑ ኖሮ ይህ ቤት አይኖርም ነበር።

በጃንዋሪ 1966፣ ወደ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት፣ ጓደኞቻቸው እዚህ ቤት ተሰብስበው ነበር። ጠፈርተኛው አሌክሲ ሌኦኖቭ ኋላ እንደተረከው፣ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ እሱንና ጋጋሪንን አስቀርተው ስለ እስራቱ ነገሯቸው። ሁለቱ ወጣቶች በሮኬቱ የበረሩለትን ሰው ታሪክ የሰሙት ያን ሌሊት ነው። በጃንዋሪ 14 ቀን ኮሮሌቭ ቀዶ ጥገና ላይ ሳሉ ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕራቭዳ ስማቸውንና ፎቷቸውን አወጣ፤ አገሪቱ ያወቀቻቸው እንዲህ ሆኖ ነው። ሉና 9 የምትባለው መንኩራኩር በፌብሩዋሪ 3 ቀን ጨረቃ ላይ በዝግታ አርፋ ሥዕል ስትልክ እሳቸው ከሞቱ ገና ሦስት ሳምንታቸው ነበር።

ባለቤታቸው ኒና ኢቫኖቭና የእንግሊዝኛ ተርጓሚ ነበሩ፤ የተዋወቁትም በሥራ ነው። ከሞታቸው በኋላ ቤቱን ዕቃ ሳይቀንሱ አቆዩት። መጽሐፎቹን፣ ልብሱን፣ ባላቸው ከሮኬት ማስወንጨፊያው ከካዛክስታን በረሃ የላኩላቸውን ደብዳቤዎች ያዙ። ከዚያ ሁሉንም ለሕዝብ ሰጡ፤ በኦገስት 1975 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ሙዚየም የሚሠራ መንግሥት ነው ይባላል፤ ይህን ቤት ግን መጀመሪያ ያቆዩት በረዶም ሐዘንም ያላስጣላቸው ሴት ናቸው፤ ይህን ሳልነግራችሁ ባልፍ ደግ አይሆንም። የአናጺው ሚስት አና ቲሞፌየቭናም ልጇ በማርች 1968 በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ በኋላ እስከ 1984 ኖራለች። ግዣትስክ ከተማም በልጇ ስም ጋጋሪን ተብላ፣ እሷም እዚያው ሆና፣ ጠፈርተኞች ሊጠይቋት ይመጡ ነበር።

ካሉጋ ግን ተመለሱ፤ ሮኬቱ እንዳያመልጣችሁ። የጠፈሩ ሙዚየም የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በጁን 13 ቀን 1961 ነው። ያስቀመጠው ከበረራው ከተመለሰ ሁለት ወር የሆነው ዩሪ ጋጋሪን ነበር። ትንሹ ቤት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ፣ የተረፈው ዕቃ ተሰብስቦ፣ እንደገና በሩን ከፍቷል። በሕይወት የተረፉት የመምህሩ ሴት ልጆች ማሪያና ሉቦቭ ነበሩ። የማሪያ ልጅ አሌክሲ ኮስቲን ኋላ ይህን የአያቱን ቤት በኃላፊነት መርቷል፤ ከእሱም በኋላ ልጁ ኤሌና ቦታውን ተረከበች፤ እንግዳውንም በዚያ ቀጥ ያለ መሰላል ወደ ሰገነቱ አወጣች።