ክታብና ክትባት

ግእዙ «ከተበ» ሲል ጻፈ ማለቱ ነው። ከዚህ አንድ ግሥ የወጡ ሁለት ቃላት በአማርኛችን ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ በብራና ተጽፎና በቆዳ ተሰፍቶ በልጅ አንገት የሚንጠለጠለው ክታብ ሲሆን፥ ሁለተኛው በክንድ ላይ በስለት ወይም በመርፌ የሚጻፈው ክትባት ነው። የመጀመሪያውን የሚጽፈው በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ያደገው ደብተራ፥ ሁለተኛውን የምትሰጠው የጤና ጣቢያዋ ነርስ መሆኗን ስናስተውል፥ በአገራችን ትምህርትና ሕክምና ከአንድ ቤት የወጡ፥ በኋላም ርስት ተካፍለው የተራራቁ ወንድማማች እንደ ነበሩ እንረዳለን። ይህች ጽሕፈት የምትከተለው የእነዚህን ወንድማማች መለያየትና፥ በአፍላ ዕድሜ ባለው ተማሪ ምክንያት አልፎ አልፎ የተገናኙበትን ዘመን ነው።

ወደ ዋሸራ ቅኔ ሊቈጥር፥ ወይም ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር ከእናቱ ጓዳ ኰብልሎ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ፥ ጉርምስናውን የሚፈጽመው ሐኪም በማይደርስበት የሣር ጎጆ ውስጥ ነበር። ለምዱን ደርቦ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞር ይዞ የሚመለሰው ቍራሽ እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ውሻ የነከሰው ባት፥ ከለምዱ የማይለይ ቅማልና ቍንጫ፥ በጣቶቹ መካከል ሌሊቱን ሲያሳክከው የሚያድር እከክ፥ ቆላ ወርዶ የሰነበተ እንደ ሆነም ንዳድ ጭምር ነበር። ሆኖም ሲታመም ጨርሶ ጠያቂ አያጣም። ጓደኞቹ ከለመኑት ቀንሰው ያበሉታል፤ በዕድሜ የሚበልጠው እንዶድ ወቅጦ ልብሱን ያጥብለታል፥ ኮሶ ይበጠብጥለታል፥ ምች የመታው ከመሰለውም ዳማ ከሴ አሽቶ ያስሸትተዋል። (ያ እንዶድ በ1950ዎቹ በሳይንቲስቱ በዶክተር አክሊሉ ለማ ዐይን ገብቶ፥ በዐድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የውኃው ቀንድ አውጣ ሞቶ በመታየቱ ምክንያት የብልሃርዚያ መከላከያ ተስፋ ሆኖ በዓለም ሊሰማ ችሏል፤ ተማሪው ግን በሳሙናነቱ ብቻ ያመሰግነው ነበር።) የኔታም በማለዳ ጉባኤውን ሲዘረጉ የጎደለውን ወዲያው ያውቁታልና፥ ቀለም ከማስቀጸላቸው በፊት «ማን ቀረ? ምን ሆኖ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በኋላ ዘመን በደንብና በመመሪያ የተማሪዎች ጤና አጠባበቅ እየተባለ ብዙ ወረቀት የሚጻፍበት ጉዳይ መነሻው ከዚህች ጥያቄ የራቀ አይደለም፤ የጎደለባት ቢኖር መድኃኒቱ ነው።

መድኃኒቱንም ቢሆን ለማግኘት ከጉባኤው መውጣት አያስፈልግም ነበር። ደብተራው ያው የጉባኤው ልጅ ነውና፥ ቅኔውንና ዜማውን በተማረበት እጅ አስማቱንም ይጽፋል፥ ሥሩንም ይምሳል። ትምህርት አልገባ ያለው፥ ያነበበው የሚጠፋበት፥ ከሰው ተለይቶ የሚቆዝም ልጅ «ዐይነ ጥላ አለበት» ይባልና ጸሎት ተደግሞለት ጠበል ይጠመቃል፤ አለዚያም ከአስተናግር የሚሠራውን አብሾ ያጠጡታል። አብሾው የመርዝ ወገን እንደ መሆኑ፥ ምሁር ያደርገኛል ብሎ የጠጣው ልጅ አእምሮው ተናውጦ የቀረበት ታሪክ በየደብሩ አይታጣም፤ «አብሾ አለበት» የሚለው ንግግራችን እስከ ዛሬ ድረስ ሊቅነትንና እብደትን አጣምሮ የሚይዘውም ስለዚህ ነው። ክታብ ያድን ነበር፥ አብሾም ይበጅ ነበር እያልሁ አይደለም። ነገር ግን የቆዘመውን ጎረምሳ ቁዝምና በሽታ ነው ብሎ የቈጠረ፥ ስምም ያወጣለት፥ አስተማሪና ባለ መድኃኒት በአንድ ቤት የነበሩበት ያ ሥርዐት እንደ ነበር ልንክደው አይገባም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም መምህራን ከግብጽ አስመጥተው በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲያቆሙ፥ በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታልም ጥቂት ቈይቶ ሲከተል፥ የደብተራው ሁለት እጆች በሁለት ግቢ ተለያይተው ተቀመጡ። በአንዱ ግቢ ፊደልና የውጭ አገር ቋንቋ፥ በሌላው ግቢ መርፌና እንክብል ሆነ። መለያየቱ ለእያንዳንዱ ሙያ ዕድገት ግድ የነበረ ቢሆንም፥ በመካከሉ ያለው ልጅ የማን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ የጠየቀ አልተገኘም። ያስጠየቀው ኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። በዓለም ላይ የዞረው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፥ እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው፥ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ ዐሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ከሞት ለጥቂት ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን የሰፈር ልጆች ጥራጊ ከምረው የሚያቃጥሉበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ከዚያ መከራ እንደ ቀረ ይነገራል። እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ፥ የከተማ ጽዳት ትምህርት በመጽሐፍ ከመግባቱ በፊት በልጆች እጅ በጭስ መግባቱ ነው።

ከዚያ መቅሠፍት የተረፉት አልጋ ወራሽ በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ሠሩ፤ አንዱ ቤተ ሳይዳ የተባለው፥ ዛሬ የካቲት 12 የምንለው ሆስፒታል ሲሆን፥ ሁለተኛው ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው። ሁለቱም በስድስት ኪሎ አካባቢ ናቸው፤ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ ቍልቍል የሚወርድ ተማሪ ላብ ሳያልበው ከሆስፒታሉ ይደርሳል። ቤተ ሳይዳ ስሟ ከወንጌል ነው፤ መጻጉዕ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከአልጋው ጋር የኖረባት መጠመቂያ ናት። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን አስቦት ይሁን አይሁን፥ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል መካከል ያለው ነገራችን ሁሉ በመጻጉዕ ታሪክ ይተረጐማል፤ ውኃው ቅርብ ነበር፥ የጠፋው አውራጁ ነው።

በተፈሪ መኰንን ግን አውራጁም ለጊዜው ተገኝቶ ነበር። ትምህርት ቤቱን በበላይነት እንዲመሩ የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩና። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲወድቁ በጦርነቱ መካከል የተገኘው ያ ሕፃን፥ በእንግሊዝ መኰንን እጅ ወደ ሕንድ ተወስዶ፥ ቻርልስ ማርቲን ተብሎ አድጎ፥ በላሆር ሕክምና ተምሮ፥ በበርማ በሐኪምነት አገልግሎ ወደ አገሩ የተመለሰ፥ በዘመናዊ ሕክምና ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ገላ የሚታጠቡበትን የፍል ውኃን ሥራ የያዘ፥ ነጻ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት የተሟገተ፥ በሽታን በክፍል ውስጥም በመንገድ ላይም የሚያይ ሐኪም በትምህርት ቤት ራስ ላይ ሲቀመጥ፥ የተለያዩት ሁለት እጆች ባንድ ሰው ሰውነት ዳግመኛ ተገናኙ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአንድ ሰው ሰውነት የተገናኘ ነገር ከዚያው ሰው ጋር ይሄዳል፤ እሳቸው ወደ ሌላ ሹመት ሲያልፉ በቦታቸው የተተካው ሹም እንጂ ሐኪም አልነበረም።

ከኢጣልያ ወረራ ነጻ ከወጣን በኋላ የሆነው በአጭሩ ይነገራል። ትምህርት ከ1920ዎቹ ጀምሮ የራሱ ሚኒስቴር ነበረው፤ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ደግሞ በ1940 ዓ.ም. ከአገር ግዛት ሚኒስቴር ወጥቶ ራሱን ቻለ። ሁለት ሚኒስትር፥ ሁለት በጀት፥ ሁለት ማኅተም ሆነ። ድልድዩ የተሠራው ከአዲስ አበባ ርቆ በጎንደር ነው። በደምቢያ ሜዳ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፥ በዓለም ጤና ድርጅት፥ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ የጤና መኰንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር አወጣ። አንዱ ጤና ጣቢያ 50,000 ሰው እንዲያገለግል የታቀደ ስለ ነበር፥ ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ከሥራዎቹ አንዱ ሆኖ ቢጻፍም፥ መንገዱና የሰው ቍጥር በፈቀደው መጠን ብቻ የሚፈጸም ነበር፤ ሳኒታሪያኑ በዓመት አንድ ጊዜ መጸዳጃውን ቢያይ፥ ነርሷም ዐይኑ በማዝ የቀላውን ልጅ ለይታ ቅባት ብትቀባው የታደለ ትምህርት ቤት ነው።

በቀረው ጊዜ ሕክምናውን ሁሉ የተሸከመችው ያቺ ብዙዎቻችን የምናስታውሳት፥ ቀይ መስቀል የተቀባባት የእንጨት ሣጥን ናት። በውስጧ ፋሻ፥ ጥጥ፥ አልኮልና ቍስሉን ሐምራዊ የሚያደርገው ጂቪ ይቀመጣል፤ ቍልፉ ግን ከዩኒት ሊደሩ ኪስ ስለማይወጣ፥ ጕልበቱ የተላጠው ልጅ ዩኒት ሊደሩ ከሻይ እስኪመለሱ ድረስ ቁስሉን በምራቁ ሲያብስ ይቈያል። ለተላጠ ጕልበት ሣጥኗ ትበቃለች። የወር አበባዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍል ውስጥ የመጣባት፥ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ከመቀመጫዋ ለመነሣት የተሳቀቀች የሰባተኛ ክፍል ልጅ ግን ከዚያች ሣጥን ምንም አታገኝም ነበር፤ እቤቷ ትቀራለች፥ መምህሩም በስሟ ትይዩ «ቀሪ» ብለው ይጽፋሉ፤ ምን ሆና እንደ ሆነ ግን አይጠይቁም። ለልጃገረዶች የተለየ ክፍልና ሞዴስ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች መዘጋጀት የጀመረው ገና በቅርብ ዓመታት ነው።

የዕድገት በኅብረት ዘመቻ በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት፥ ተማሪው የጤና አስተማሪ ሆነ፤ የተማሪውን የገዛ ጤና ግን ያሰበበት ጥቂት ነው። ይልቁንም ትምህርት ቤትንና ጤና ጣቢያን ፊት ለፊት ያስቀመጣቸው ኤድስ ነበር። በሽታው በአገራችን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከታወቀ ወዲህ፥ በተለይም በ1990ዎቹ፥ ፀረ ኤድስ ክበብ የሌለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያው ይከፈታል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው የጻፉት ድራማ ይሰማል፤ በድራማው መጨረሻ አንድ ሰው ሳይሞት አይቀርም። ክበቡ ብዙ ልጆችን እንዳዳነ አልጠራጠርም። ሆኖም ስለ ገዛ ሰውነቱ መናገር የጀመረውን ትውልድ መጀመሪያ ያስተማረው ፍርሃት ስለ ነበር፥ ፍርሃቱ ሲበርድ ክበቡም አብሮት በረደ፤ ከኅዳር በሽታ ጀምሮ እንዳየነው፥ መቅሠፍት ያገናኘውን መቅሠፍቱ ሲያልፍ የሚያቆየው ሥርዐት አልተበጀም ነበር።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች ሲመድብ፥ አብዛኞቹ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ሠራተኛዋ ትናንት በዚያው ዓይነት ደስክ ላይ ተቀምጣ የነበረች ልጅ ስለሆነች፥ ሹራብ ወገቧ ላይ ያሰረችውን ተማሪ ምን እንደ ሆነች አትጠይቃትም፤ አይታ ታውቃለች። ሐኪም ወርቅነህ በሹመት ያገናኙትን ነገር እሷ በዕድሜዋ አገናኘችው። የቆዘመው ጎረምሳ ነገር ግን ገና ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተሠራው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕመም ሁሉ መድረሻ ሆኖ በመኖሩ፥ የስሙ መጥፎ ዝና ከሕክምናው ቀድሞ በየሰፈሩ ስለ ደረሰ፥ ልጁን ወደ ጠበል ለመውሰድ የማያፍር አባት ወደ ሐኪም ለመውሰድ ያፍራል። በዚህ ረገድ ከዐይነ ጥላው ዘመን ብዙ ርቀናል ለማለት አልደፍርም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም.፥ የኅዳር በሽታ መቶ ዓመት በሞላው ወር፥ ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት መሰጠት ተጀመረ። የሚሰጠውም በአብዛኛው በትምህርት ቤት ነበር፤ ክትባት ሰጪዋ የበረዶ ሣጥኗን አንግታ ትመጣለች፥ የክፍል ኃላፊው ስም ይጠራል፥ ልጃገረዶቹ የደንብ ልብሳቸውን እጅጌ ጠቅልለው ይሰለፋሉ፥ በፊት የወጣችውም ወደ ኋላዋ ዞራ «አያምም» ትላለች። ሁለተኛው መርፌ የሚሰጠው ከስድስት ወር በኋላ ስለ ነበር፥ ክትባት ሰጪዋ ተመልሳ ስትመጣ መዝገቧን ዘርግታ አስቀድማ የምትጠይቀው፥ ማን እንደ ቀረና ምን ሆኖ እንደ ቀረ ነበር። ትምህርት ያቋረጡት በጤና ኬላ እንዲከተቡ መልእክት ይላክላቸው ነበር።