በጌም ውስጥ መኪናው ለምን አይጎዳም?



መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የተቃረበ ልጅ ያላችሁ በተለይ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልን። ልጃችሁ እውነተኛ መሪ ከመጨበጡ በፊት በቪዲዮ ጌም ብዙ ሰዓት ነድቶ ይሆናል። እዚያ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግድግዳ ቢመታ መኪናው ትንሽ ተንገጫግጮ መንገዱን ይቀጥላል። ሹፌሩማ ጭረት እንኳ አይነካውም። ታዲያ ይሄ ነገር ከየት መጣ? ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1982 ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ፖል ፖዚሽን» የሚባል የእሽቅድምድም ጌም አወጣ። ሳንቲም እየተከተተ የሚጫወቱበት ማሽን ነበር። መኪናው የመንገድ ዳር ሰሌዳ ከመታ በእሳት ይፈነዳል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ግን አዲስ መኪና ይመጣና ጨዋታው ይቀጥላል። ተጫዋቹ የሚያጣው ሰዓት ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ ማሽኖች አቅማቸው ትንሽ ስለነበር የተጨማደደ ላሜራ በደንብ ማሳየት አይችሉም ነበር። በዚያ ላይ ጨዋታው በየግጭቱ ቢያበቃ ማንም ደጋግሞ አይጫወተውም።

ከዚያ 1997 መጣ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮች ተከሰቱ። የመጀመሪያው በአውሮፓ ነው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ድርጅት አዳዲስ መኪኖችን ሆን ብሎ እያጋጨ ውጤቱን በኮከብ ለሕዝብ ማሳወቅ ጀመረ። መጀመሪያ ከተፈተኑት ሰባት ትናንሽ መኪኖች አንዱ ሮቨር 100 ነበር። በ64 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጋጭ ሹፌሩ የሚቀመጥበት ክፍል ክፉኛ ተደፈጠጠ፤ ያገኘውም አንድ ኮከብ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ መኪናው መመረቱ ቀረ። አንዳንድ አምራቾች «መስፈርቱ በጣም ስለከበደ አራት ኮከብ ማግኘት አይቻልም» ብለው ነበር። በዚያው ዓመት ግን ቮልቮ ኤስ40 አራት ኮከብ አገኘ።

ሁለተኛው በጃፓን ነው። በታኅሣሥ ወር «ግራን ቱሪዝሞ» ለፕሌይስቴሽን ወጣ። የእውነተኛ አምራቾች መኪኖች በስማቸውና በመልካቸው ገቡበት፤ ኩርባ ላይ የሚሄዱበት ሁኔታም ለጊዜው በጣም እውነተኛ ነበር። ግን የፈለገ ቢጋጩ አይጫሩም። በአንድ ዓመት ውስጥ እንግዲህ፣ በአውሮፓ መኪና ሲጋጭ ሰው ምን እንደሚሆን ለሕዝብ ሲታይ፣ በጌሙ ዓለም ደግሞ ምንም የማይሆን መኪና ተወዳጅ ሆነ። በዚህ ተከታታይ ጌም መኪኖቹ ሲጎዱ መታየት የጀመሩት በ2010፣ አምስተኛው ሲወጣ ነው።

ምክንያቱ የማሽን አቅም ብቻ አይደለም። የእውነተኛ መኪና ስምና ቅርጽ ለመጠቀም የአምራቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ አምራቾች ደግሞ መኪናቸው፣ በተለይም ሰው የሚቀመጥበት ክፍል፣ ተደፍጥጦ እንዲታይ አይፈልጉም። ስለዚህ ግጭትን በደንብ ማሳየት የፈለጉ አንዳንድ ጌሞች የፈጠራ መኪና ይጠቀማሉ። በ2008 የወጣው «በርናውት ፓራዳይዝ» አንዱ ነው። እዚያ መኪናው እንደ ወረቀት ይጨማደዳል። ወደ ውስጥ ስታዩ ግን ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሹፌር የሚባል የለም! መኪናው ሲሰበር የሚታየው ሰው ከውስጡ ስለወጣ ነው።

አሁን ወደ እኛ ወደ ወላጆች እንምጣ። «የድሮ መኪና ነው መኪና፤ ብረቱ ጠንካራ ነው፣ የዛሬው በትንሽ ነገር ይጨማደዳል» ሲባል ያልሰማ አለ? በ2009 በአሜሪካ ያለ የኢንሹራንስ ድርጅቶች የመንገድ ደህንነት ተቋም የ1959 ሼቭሮሌ ቤል ኤርን ከ2009 ሼቭሮሌ ማሊቡ ጋር በ64 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ፊት ለፊት አጋጫቸው። በሁለቱም ውስጥ ሰው መሰል የሙከራ አሻንጉሊት ነበር። የድሮው ትልቅ መኪና የሹፌሩ ቦታ በአሻንጉሊቱ ላይ ተደፈጠጠ። የአዲሱ ፊቱ እንዳልነበረ ሆነ፣ የሹፌሩ ክፍል ግን ቆመ። አሻንጉሊቱ ላይ የታየው እግሩን ቀላል ጉዳት ሊያገኘው እንደሚችል ብቻ ነው።

ለምን? ከከፍታ ስንዘል ጉልበታችንን እናጥፋለን፤ ገትረን ብንወርድ እንሰበራለን። የመኪናው ፊትም ሲጨማደድ የግጭቱን ኃይል ይውጣል፣ ሰውየውም ቀስ ብሎ ይቆማል። ይህን ሐሳብ የመርሴዲስ መሐንዲሱ ቤላ ባሬኒ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፓተንት አስመዝግቦታል። በ1959 ደግሞ የቮልቮው ኒልስ ቦሊን ዛሬ ሁላችንም የምናስረውን፣ ትከሻና ወገብ የሚይዘውን ቀበቶ አመጣ። ቮልቮም ሌሎች አምራቾች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ።

እንግዲህ ጌሙም «ጠንካራ ብረት» የሚለው አባባላችንም የሚያስተምሩት አንድ ነው፤ መኪናው ካልተጎዳ ሰውየውም አልተጎዳም የሚል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። ጥሩ መኪና ራሱ ተሰብሮ ሰውን ያተርፋል፤ ያም ሰውየው ቀበቶ ካሰረና ፍጥነቱ ልክ ከሆነ ነው።

ጌሙን ከልክሉ አንልም። ይልቅ በዚህ ሳምንት አጠገባቸው ቁጭ በሉና በአማርኛ ጠይቋቸው፦ «ይሄ እውነት ቢሆን ሹፌሩ ምን ይሆን ነበር?» የ2009ኙን ሙከራ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ፤ አብራችሁ እዩት። መሪ፣ ፍሬን፣ ቀበቶ፣ ግጭት፣ ጭረት፣ ተጨማደደ፣ ተረፈ የሚሉትን ቃላት እየተጠቀማችሁ አውሩ። ከዚያ «መኪናው ተጎዳ፣ ሰውየው ተረፈ» እና «መኪናው ተረፈ፣ ሰውየው ተጎዳ» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልዩነት በራሳቸው አማርኛ ያስረዷችሁ። በሹፍርና የምትተዳደሩ ወላጆች ደግሞ በመንገድ ላይ ያያችሁትን ንገሯቸው። ከእናንተ አፍ ሲሰሙት ከየትኛውም ጌም ይበልጥ ያምኑታል።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ!

የበጎ ፈቃድ መምህራን