የትራንስፖርት ተደራሽነትና የአካባቢ ኢኮኖሚ፤ ከድሬዳዋ እስከ ኦሎምፒያ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሚወስደው የአፍሪካ ጎዳና ላይ የሚገኘው ኦሎምፒያ ሆቴሎች፣ ባንኮችና ካፌዎች የተደረደሩበት ሠፈር ነው፡፡ አካባቢውን ተፈላጊ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው ከየአቅጣጫው በቀላሉ የሚደረስበት መሆኑ ነው፡፡ በዚሁ ሠፈር በጥበቃ፣ በጽዳትና በመስተንግዶ የሚሠሩ ብዙዎች ግን ማታ ማታ ታክሲ ተሠልፈው የሚጠብቁት ወደ ከተማው ዳርቻ ለመመለስ ነው፡፡ ለአንዱ ገበያ ያመጣለት መንገድ ለሌላው ከደመወዙ ላይ የሚቆረጥ ወጪ ነው ማለት ነው፡፡

ትራንስፖርት ከተማን እንደሚፈጥር በአገራችን ታሪክ ጎልቶ የሚታየው በድሬዳዋ ነው፡፡ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራማ ቦታ መውጣቱ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ፡፡ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፡፡ ለዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር ደግሞ ብዙውን ንግዷን ለአዲሲቷ ከተማ ለቀቀች፡፡ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፡፡

በገጠሩም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 በ15 የኢትዮጵያ የገጠር መንደሮች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኙ ቤተሰቦች በድህነት የመኖር ዕድላቸው በ6.9 መቶኛ ነጥብ እንደቀነሰና የፍጆታ ዕድገታቸውም በ16.3 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል፡፡

ይሁን እንጂ ዋናው መንገድ በአጠገብ ማለፉ ብቻውን በቂ አይደለም፡፡ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረገ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከማዳበሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር ገበሬ ማዳበሪያውን ቤቱ ለማድረስ የሚያወጣው ወጪ፣ ያው ማዳበሪያ ከወደብ ተነስቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጣቢያው እስኪደርስ ከሚጠይቀው ወጪ ጋር ይስተካከላል፡፡ ረጅሙን ጉዞ የሚጓዘው የጭነት መኪና ሲሆን አጭሩን የሚሸፍነው አህያና የሰው ጀርባ ነውና፡፡ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉንም ቀበሌዎች በመንገድ የማገናኘት ፕሮግራም ያነጣጠረውም በዚህ ክፍተት ላይ ነበር፡፡

በአዲስ አበባም የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ጉዳይ አለ፡፡ በከተማዋ ዳርቻ ለሚኖሩ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ወደ መሐል ከተማ መመላለሻ የታክሲ ገንዘብ በተሰጠበት ጥናት፣ ወጣቶቹ ሥራ ማፈላለጉን ሳያቋርጡ ገፉበት፤ ቋሚ ሥራ የማግኘት ዕድላቸውም ከፍ አለ፡፡ ማስታወቂያው የሚለጠፈው መሐል ከተማ በመሆኑ ሥራ አጥ የሆነ ሰው ሥራ ለመፈለግም ገንዘብ ያስፈልገዋል፡፡

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሁለት መስመሮች 34 ኪሎ ሜትር ያህል በመሸፈን ይህን ሸክም ያቀልላል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፡፡ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ለረጅም ጊዜ ቆመዋል፡፡ ሐዲድ ከመዘርጋት ባልተናነሰ አገልግሎቱን በቀጣይነት ማቆየት ከባድ መሆኑን ይህ ያሳያል፡፡

ጥያቄው በ2017 ዓ.ም. ከኦሎምፒያ ብዙም በማይርቀው ካዛንቺስ ይበልጥ ተጨባጭ ሆኗል፡፡ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከአካባቢው የተነሱ ነዋሪዎች እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል፡፡ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ ታቀርብ የነበረች ወይም በጀብሎ የምትተዳደር እናት የተሻለ ቤት ብታገኝ እንኳ ደንበኞቿ የቀሩት ካዛንቺስ ነው፡፡ ቀድሞ በእግሯ ትደርስበት የነበረውን ገበያ አሁን የምትደርስበት በታክሲ ነው፤ የደርሶ መልስ ሒሳቡም የሚወጣው ከዕለት ትርፏ ላይ ነው፡፡

ስለዚህ የአንድ አካባቢ የትራንስፖርት ተደራሽነት በተሠራው አስፋልት ርዝመት ብቻ ሊለካ አይገባም፡፡ ገበሬው ከማሳው እስከ መኪና መንገዱ፣ የከተማው ሠራተኛ ደግሞ ከቤቱ እስከ ሥራው ለመድረስ ከገቢው ምን ያህሉን ያወጣል? ትክክለኛው መለኪያ ይኸው ነው፡፡